ግንቦት 17፦ የጠፈርና የአስፈሪ ፊልሞች ቀን ከደብረ ብርሃን ሲታይ

ግንቦት 17 በፈረንጆቹ ሜይ 25 ነው። በሳይንስ ልብ ወለድና በአስፈሪ ፊልም ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የተጨናነቀ ቀን ማግኘት ይከብዳል። «ስታር ዋርስ» የወጣው በዚህ ቀን ነው። «ኤሊየን»ም እንዲሁ። በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው ቀኑን የሚያውቀው በእስጢፋኖስ ነው። በአገር ደረጃ ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተበት ቀን ነው። ይህ ጽሑፍ የፊልሙን ወገን በራሳችን አቆጣጠር አንድ ላይ ለማኖር የተዘጋጀ ነው።

ስለ ቀን አቆጣጠሩ

የፈረንጅ ፊልም ቀኖችን ወደ እኛ ሲመልሱ ብዙዎች የሚሳሳቱት በጳጉሜ ምክንያት ነው። ጳጉሜ 6 ከሆነች ቀጣዩ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት መገባደጃ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች የሚወዱት ሃሎዊን ጥሩ ምሳሌ ነው። ኦክቶበር 31 አንዳንድ ዓመት ጥቅምት 21፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጥቅምት 20 ይሆናል። ግንቦት ግን ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ልዩነቱ ይስተካከላል። ስለዚህ እዚህ የተጠቀሱት ፊልሞችና ልደቶች ሁሉ፣ የትኛውም ዓመት ቢሆን፣ ሜይ 25 ካሉ ግንቦት 17 ናቸው።

1969 ዓ.ም.

የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» ረቡዕ ግንቦት 17 ቀን 1969 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ መታየት ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ያሳዩት ሲኒማ ቤቶች 32 ብቻ እንደነበሩ በብዛት ይጻፋል። 43 የሚሉም አሉ፤ በዚያው ሳምንት የተጨመሩትን ደምረው ይመስለኛል። ዛሬ የምናየው «ክፍል አራት» የሚለው ጽሑፍ ያን ጊዜ አልነበረም፤ የተጨመረው በ1973 ዓ.ም. ፊልሙ እንደገና ሲታይ ነው። ክፉውን አዛዥ ታርኪንን የሠራው ፒተር ኩሺንግ የተሰጠው ቡት ጫማ ጠቦት ስለነበር ብዙውን ትዕይንት የሠራው የቤት ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው። ካሜራው ከጉልበቱ በላይ ብቻ ያነሳው ነበር። እኛ አገር በዚያ ዓመት ስለ ፊልም የሚታሰብበት ጊዜ አልነበረም።

1971 ዓ.ም.

ልክ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ዓርብ ግንቦት 17 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ «ስታር ዋርስ»ን ያወጣው ያው የፊልም ኩባንያ «ኤሊየን»ን አወጣ። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ሰባት ሰዎችና አንዲት ድመት በጭነት መርከብ ጠፈር ውስጥ ይጓዛሉ። አንድ ፍጡር ይሳፈርባቸዋል። ከዚያ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። የጠፈር ፊልምና አስፈሪ ፊልም እንደዚህ የተጋቡበት ሥራ ከዚያ በፊት ቢኖርም እንኳ እንደዚህ አላማረበትም።

ፍጡሩን በሥዕሉ የወለደው የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ሃንስ ሩዲ ጊገር ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ግን እንግሊዝ አገር፣ ሼፐርተን ስቱዲዮ ውስጥ ሲሆን፣ የአስፈሪነቱ ግማሽ የመጣው ከሉካንዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍጡሩ የሚወጣበት ዕንቁላል ውስጥ ያለው የላም ልብና ጨጓራ ነበር። ከዕንቁላሉ ተፈናጥሮ ሰውየው ፊት ላይ የሚጣበቀው ነገር ቱቦ የተሠራው ከበግ አንጀት ነው፤ በአየር ግፊት ነው ያስወነጨፉት። የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ ይገባዋል። በበዓል ጠዋት አንጀት ያጠበ ሰው ያ ነገር ስክሪኑ ላይ ለምን እውነተኛ እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ሰው መሳዩ ሮቦት ሲሰበር የሚፈሰው ነጭ ነገር ውስጥ ደግሞ ወተትና ፓስታ ነበረበት።

ፍጡሩ የሰው ደረት ቀድዶ የሚወጣበት የምሳ ጠረጴዛ ትዕይንት ላይ ተዋንያኑ ምን እንደሚመጣ በጽሑፍ አንብበዋል። ደሙ ምን ያህል እንደሚረጭ ግን አልተነገራቸውም። ተዋናይቷ ቬሮኒካ ካርትራይት ፊቷ ላይ ሲረጭባት የምትጮኸው ጩኸት የእውነት ነው።

ልብሱን ለብሶ ፍጡሩን የሠራው ቦላጂ ባዴጆ ይባላል። ናይጄሪያዊ ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ገደማ ነበር። ለንደን ውስጥ ተማሪ ሳለ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ታይቶ ነው የተመረጠው። ልብሱ ከነጅራቱ መቀመጥ ስለማያስችል በእረፍት ሰዓት የሚደገፍበት ዥዋዥዌ ተሠርቶለት ነበር። ቤተሰቡ ናይጄሪያን ለቆ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደኖረና እሱም ሥነ ጥበብን እዚህ እንደተማረ ይነገራል። ይህ ነገር ስለ ፊልሙ ሲጻፍ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ እዚህ አገር ግን ራሱን የቻለ ወሬ ሊሆን ይገባው ነበር። ሌላ ፊልም አልሠራም። በ1985 ዓ.ም. በ39 ዓመቱ በደም በሽታ አረፈ። ፊልሙ በ1972 ዓ.ም. የምስል ውጤት ኦስካር አግኝቷል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ

እኔ «ኤሊየን»ን ያየሁት ደብረ ብርሃን፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ በካሴት ነው። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ፣ አግዳሚው ላይ ጋቢ ተከናንበን ተጨናንቀን ነበር። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ተማሪ ከፊት ሆኖ ይተረጉማል። የቪዲዮ ቤት ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ አክተር አይሞትም። እኛ አክተሩ ካፒቴኑ ነው ብለን ነበር። ካፒቴኑ የአየር ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሲቀር ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ «በቃ፣ አክተሩ ሞተ፣ አለቀ» ብሎ ለመውጣት ተነሳ። ባለቤቱ ከበሩ ሥር ሆነው «ቁጭ በል፣ አክተሯ እሷ ናት» አሉት። ሲጎርኒ ዊቨር የሠራቻትን ሪፕሊን ማለታቸው ነው። በዚያ ዘመን ሴት አክተር ማየት ለእኛ ከጭራቁ ባልተናነሰ አዲስ ነገር ነበር።

ስትወጣ ውጭው ጨለማና ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰማዩም ሲጠራ ኮከቡ ቅርብ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችውም ከሰማይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚያ ሳሉ ብርሃን ወርዶ ታየና ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ዜና መዋዕሉ ግን ከእግዚአብሔር የመጣ ምልክት መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ፣ ጉም ሲሞላው፣ ለአስፈሪ ፊልም ቀረጻ የተዘጋጀ ቦታ ነው የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ

የ«ስታር ዋርስ» ተከታይ የሆነው «የጄዳይ መመለስ» ረቡዕ ግንቦት 17 ቀን 1975 ዓ.ም. ወጣ። መጀመሪያ የታቀደው ለግንቦት 19 ነበር፤ የ1969ኙን ቀን ለማስታወስ ሲባል ተቀየረ። በ1993 ዓ.ም. የጠፈር ቀልዶች ደራሲው ዳግላስ አዳምስ ባረፈ በሁለተኛው ሳምንት አድናቂዎቹ ግንቦት 17ን «የፎጣ ቀን» ብለው ማክበር ጀመሩ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የ«ስታር ዋርስ»ን ጀግና የሃን ሶሎን የወጣትነት ታሪክ የሚያሳየው ፊልም ወጣ።

ከፊልም ውጭም ቀኑ ከጠፈር ጋር ይገናኛል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሰው ጨረቃ ላይ እንዲወርድ ምክር ቤቱን የጠየቁት ግንቦት 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። በእኛ ሚሌኒየም ዓመት በ2000 ዓ.ም. «ፊኒክስ» የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ ያረፈችው በዚሁ ቀን ነው። በእኛ ሰዓት ሌሊት ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ ስለነበር ግንቦት 18 ነው የሚል ይኖራል። በአገራችን አነጋገር ግን ለ18 አጥቢያ ነው፤ ሌሊቱ የ17 ነው።

በዚህ ቀን ከተወለዱት መካከል በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ጋንዳልፍን፣ በ«ኤክስ-ሜን» ማግኒቶን የሠራው ኢያን ማኬለን (1931 ዓ.ም.)፣ የ«ስታር ዋርስ»ን ዮዳ በድምፁ የሠራው ፍራንክ ኦዝ (1936 ዓ.ም.) እና ለንደን ባዶ ሆና በምትታይበት የወረርሽኝ ፊልም የታወቀው ኪሊያን መርፊ (1968 ዓ.ም.) ይገኛሉ። ጎረቤት ቀኖቹም ቀላል አይደሉም። ከላይ ያነሳነው ፒተር ኩሺንግ የተወለደው ግንቦት 18 ነው። ድራኩላን የሠራው ክሪስቶፈር ሊ እና ሌላው የአስፈሪ ፊልም ተዋናይ ቪንሰንት ፕራይስ ሁለቱም ግንቦት 19፣ በገብርኤል ቀን ነው የተወለዱት። ኩሺንግና ሊ በብዙ አስፈሪ ፊልሞች ላይ ተፋጥጠው ሠርተዋል፤ ከፊልም ውጭ ግን የልብ ወዳጆች ነበሩ።

«ስታር ዋርስ» 50 ዓመት የሚሞላው ግንቦት 17 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ማክሰኞ ይውላል።