ትንተና እንደ ፍልስፍና ስልት

በፍልስፍና ትንተና ማለት አንድ ሐሳብ ወይም አባባል ምን እንደያዘ፣ በምንስ ላይ እንደቆመ መርምሮ ማሳየት ነው። ብዙ ሰው ነገርን መከፋፈል ብቻ ይመስለዋል። እሱ ግን አንዱ መልኩ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንታዊው መልክ የመጣው ከግሪክ ጂኦሜትሪ ነው። የሂሳብ ሊቁ የእስክንድርያው ፓፑስ እንደገለጸው፣ የሚፈለገው ነገር እንደተገኘ ይቆጠርና ወደ ኋላ ይኬዳል። ቀድሞ የታወቀ ነገር ላይ ሲደረስ ይቆማል። ከዚያ መንገዱ ተገልብጦ ማረጋገጫው ይጻፋል። መከፋፈሉን ደንብ ያደረገው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ነው፤ በ1637 ካስቀመጣቸው አራት ደንቦች ሁለተኛው ከባዱን ጥያቄ በተቻለ መጠን ከፋፍሉት ይላል።

በ1905 ፈላስፋው በርትራንድ ራስል ያሳየው ግን ሌላ መልክ ነው። «የዛሬው የፈረንሳይ ንጉሥ ራሰ በራ ነው» እንበል። ፈረንሳይ ንጉሥ የላትም። ታዲያ ወሬው ስለ ማን ነው? ሐሰት ነው ካልን፣ «ራሰ በራ አይደለም» ማለት ሊሆን ነው። ጸጉራም ንጉሥ ደግሞ ከየት ይምጣ? ራስል ዓረፍተ ነገሩን እንደ አዲስ ጻፈው፦ የፈረንሳይ ንጉሥ የሆነ ሰው አለ፤ ከአንድ አይበልጥም፤ እሱም ራሰ በራ ነው። የመጀመሪያው ስለማይሟላ ጠቅላላው ሐሰት ነው፤ አለቀ። ሰዋስው የሸፈነው የአመክንዮ ቅርጽ ወጣ ማለት ነው። በ1950 ፈላስፋው ፒተር ስትሮውሰን ተቃወመው፤ ንጉሡ ከሌለ እውነት ወይስ ሐሰት የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሳም አለ። እኔን የራስል ይበልጥ ያሳምነኛል።

ሌላው የታወቀ ሙከራ ዕውቀትን «በቂ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት» ብሎ መተንተን ነው። ሥሩ እስከ ፕላቶ ይደርሳል። አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ «ስምንት ሰዓት ነው» ይላል። በእርግጥም ስምንት ነው። ሰዓቱ ግን ትናንት ስምንት ላይ ቀጥ ብሏል! አምኗል፣ ምክንያትም አለው፣ እውነትም ነው፤ አወቀ ለማለት ግን አፍ አይደፍርም። ይህን የቆመ ሰዓት ራስል በ1948 ጠቅሶታል። ትርጓሜውን በቀጥታ የመታው ግን ኤድመንድ ጌቲየር ነው፤ በ1963 ባወጣት የሦስት ገጽ ጽሑፍ ሁለት ተመሳሳይ አጋጣሚዎች አቀረበ። ከዚያ ወዲህ አራተኛ ቅድመ ሁኔታ ያልሞከረ የለም። አንዱ ሲጠግን ሌላው ያፈርሳል።

ስልቱ ራሱም ተጠይቋል። ትንተናው ትክክል ከሆነ ያንኑ ደገመ እንጂ አዲስ ነገር አልነገረንም፤ አዲስ ነገር ከነገረን ደግሞ ያንኑ አላለም። ይህ «የትንተና አያዎ» ይባላል። ፈላስፋው ክዋይን በ1951 ትንተና የሚደገፍበትን፣ በቃላት ትርጉም ብቻ እውነት የሚሆን አባባልን ከሌላው መለየት ይቻላል የሚለውን እምነት ነቀፈ። ፈላስፋው ቪትገንስታይንም ከሞተ በኋላ በ1953 በታተመ ሥራው «ጨዋታ» የምንላቸውን ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ ባሕርይ እንደሌለ አሳየ፤ እንዲህ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጥርት ያለ ትርጓሜ መፈለግ ላያዛልቅ ይችላል።

ስትሮውሰን በኋላ ላይ ለስልቱ ሰፋ ያለ መልክ ሰጠው። በእሱ አካሄድ አንድ ፅንሰ-ሐሳብ ወደ ቀላል ክፍሎቹ እስኪያልቅ አይፈታም። ዕውቀት ከእምነት፣ ከማየትና ከመስማት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ይታያል፤ የማብራሪያው ዙር ሰፊ እስከሆነ ድረስ ተመልሶ መነሻው ላይ ቢደርስም ነውር የለውም።