ስለ ቅድመ አያቶቻችን ቡናማ ፎቶ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አክስቴ ሳሎን ውስጥ የቅድመ አያቶቼ ፎቶ ተሰቅሏል። ወንዱ ቅድመ አያቴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ቆመው አንድ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አሳርፈዋል። በየበዓሉ ቡና ሲፈላ ስለዚህ ፎቶ የሚወራው ያው ነው። ወሬውን እወደዋለሁ፤ ግን ብዙው ስህተት ነው።

«ቡናማ የሆነው ስላረጀ ነው።»

አብዛኛውን ጊዜ ቡናማነቱ ከመጀመሪያው ያለ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፎቶ ወረቀት በእንቁላል ነጭና በብር ጨው ይቀባ ስለነበር ምስሉ ገና ሲወጣ ቡናማ ነበር። በኋላ ደግሞ ጥቁርና ነጩን ፎቶ ሆን ብለው ድኝ ባለበት ኬሚካል ይነክሩት ጀመር። ያኔ ምስሉን የሠራው ብር ከድኝ ጋር ይዋሃድና ቀለሙ ይለወጣል፤ ቶሎም አይጠፋም። ሴፒያ የሚባለው ይኸው ነው። እርጅናን የምታዩት ሌላ ቦታ ነው፦ ጠርዙ ሲነጣ፣ ፊት ሲደበዝዝ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ፎቶው በደንብ አለመታጠቡ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1875 ዓ.ም. ከሐረር ለቤተሰቡ ፎቶዎች ሲልክ፣ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውኃ ምክንያት እንደሆነ ራሱ ጽፏል። የሐረር ውኃ ችግር ያኔም ነበር ማለት ነው።

«ባቡር ሳይመጣ እዚሁ ድሬ የተነሱት ነው።»

ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ድሬ ላይ ፎቶ ቤት ከየት ይመጣል?

«ጥቁር የለበሱት ሐዘን ላይ ስለነበሩ ነው።»

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ቤተሰቡ ለዓመታት የሞተ ልጅ ታሪክ ሲያወራበት ኖሯል። የቀሚሱ ቁራጭ ግን ዛሬም አክስቴ ሳጥን ውስጥ አለ። እጄ ላይ አድርጌ አይቼዋለሁ። ቀይ የከፋይ ጨርቅ ነው፣ ደማቅ ቀይ! እ.ኤ.አ. እስከ 1920ዎቹ ድረስ በብዛት ይሠራበት የነበረው የፎቶ መስታወትና ፊልም ቀይ ብርሃንን አያይም ነበር። ስለዚህ ቀይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊ ደግሞ ነጭ ይመስላል። የቆዳ ቀለምም ከእውነተኛው ጠቆር ብሎ ሊወጣ ይችላል። በቡናማ ፎቶ የልብስ ቀለም አይፈረድም።

«ቤታቸው ቪላ ነበር።»

ከኋላቸው ያለው ዓምድ ሸራ ላይ የተሳለ ነው። ታች፣ ምንጣፉ የሚያልቅበት ጋ ብታዩ የሸራው ጫፍ ተጨማዷል። ወንበሩም የፎቶ ቤቱ ሊሆን ይችላል።

«አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።»

እባካችሁ ተዉት! ምስሉ ያለበት ስስ ሽፋን እርጥበት ሲነካው ይላላና ይላጣል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳም አንሱት። ስም መጻፍ ካስፈለገ ከጀርባው በእርሳስ፣ ሳትጫኑ።

«ስላልተዋደዱ ነው ያልሳቁት።»

ሌሎች ደግሞ «ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀሱ መቆም ነበረባቸው» ይላሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1839 አካባቢ፣ ፎቶግራፍ ሲጀመር እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ግን ጥሩ ብርሃን ካለ አንድ ሰከንድም አይፈጅም። ያልሳቁት ወግ ስለነበር ነው፤ ጨዋ ሰው ካሜራ ፊት አይገለፍጥም። ፍቅራቸውን ከፊታቸው ላይ አትፈልጉ። እኔ በማጉያ መነጽር ያየሁት እጃቸውን ነው። የሴቷ ቅድመ አያቴ ሦስት ጣቶች ባለቤታቸው ትከሻ ላይ ጥርት ብለው ይታያሉ። ትንሿ ጣት ደብዝዛለች። በዚያች ቅጽበት ኮታቸውን እየነካካች ነበር።