ስለ ዲሰቢሊቲ ገንዘብ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ከቅዳሴ በኋላ፣ ስለ ዲሰቢሊቲ፣ ማለትም በሕመም ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው መንግሥት ስለሚከፍለው ገንዘብ፣ ወሬ አይጠፋም። «እገሌ ሦስት ጊዜ ተከለከለ»፣ «እገሊት ግን ወዲያው ወጣላት» ይባላል። ይህን ሰምቶ ሳያመለክት የሚቀር አለ። ያገኘውን የሚያጣም አለ። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ እውነት የታመመ ሰው በወሬ ምክንያት ያለ ገቢ ሲቀመጥ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። የምጠቅሳቸው የገንዘብ መጠኖች የ2025 ናቸው፤ አብዛኞቹ በየዓመቱ ይሻሻላሉ።

«ዲሰቢሊቲ ያው ዲሰቢሊቲ ነው»

ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱንም የሚሰጠው ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ኤስኤስዲአይ ሠርቶ ታክስ ለከፈለ ሰው የሚሰጥ ኢንሹራንስ ነው። ከደመወዝዎ ሲቆረጥ የኖረው ገንዘብ ነው፤ ባንክ ያለዎት ገንዘብ አይታይም። ኤስኤስአይ ደግሞ ገቢና ንብረቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ነው። ከፌዴራል መንግሥት ለአንድ ሰው በወር ቢበዛ 967 ዶላር ይከፈላል። ንብረቱም ለአንድ ሰው ከ2,000፣ ለባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። አገር ቤት ያለ ቤትና ቦታ ግን መገለጽ አለበት።

በሁለቱም የሕመሙ መስፈርት አንድ ነው፦ ቢያንስ 12 ወር የሚቆይ ወይም ለሞት የሚያደርስ ሆኖ ከሥራ የሚያግድ ሕመም። «ግማሽ ዲሰቢሊቲ» የሚባል ነገር እዚህ የለም።

«አሜሪካ 20 ዓመት ስለኖርኩ ይገባኛል»

የሚቆጠረው የኖሩበት ዘመን ሳይሆን ታክስ የከፈሉበት ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው ለኤስኤስዲአይ 40 ክሬዲት (ታክስ ከተከፈለበት ሥራ የሚጠራቀም ነጥብ) ያስፈልገዋል። ከእነዚህ 20ው ከሕመሙ በፊት ባሉት 10 ዓመታት የተገኙ መሆን አለባቸው። በወጣትነቱ የታመመ ባነሰ ክሬዲት ያልፋል። አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ሲሆን፣ በዓመት ከአራት በላይ አይሰጥም።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ጋ ልብ በሉ። ለእናንተ የሚታየው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ታክስ ላይ የቀረው የተጣራ ገቢ ነው። ታክስ ለመቀነስ ሲባል ነዳጁም ጥገናውም ተለጥጦ ይጻፍና የተጣራው ገቢ እፍኝ አይሞላም። በዚያ ዓመት ክሬዲት አልተጠራቀመም ማለት ነው። በካሽ ተሠርቶ ያልተመዘገበማ ጭራሽ የለም። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ሄዶ «ክሬዲት የለህም» የተባለ ሹፌር ምን ይመለስለታል? ሥራ አቁሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰውም ይጠንቀቅ። ለብዙዎች ይህ ኢንሹራንስ ሥራ ካቆሙ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ያበቃል።

«ሁሉም መጀመሪያ ይከለከላል፤ ከዚያ እንደገና ማመልከት ነው»

መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው መከለከሉ እውነት ነው። እንደገና ከዜሮ መጀመር ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። የሚሻለው ይግባኝ ነው። ደብዳቤው ከደረሰዎት ጀምሮ 60 ቀን አለዎት። መጀመሪያ ሌላ ሰው ፋይሉን እንደገና ያየዋል። ቀጥሎ ዳኛ ፊት ቀርበው ያስረዳሉ። ከዚያ የይግባኝ ምክር ቤት፣ በመጨረሻም የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ። ቀኑን አሳልፈው አዲስ ማመልከቻ ካስገቡ መጀመሪያ ያመለከቱበትን ቀን ሊያጡት ይችላሉ፤ ከእሱ ጋር ሳይከፈል የተጠራቀመ የወራት ውዝፍ ገንዘብ ይሄዳል።

ጠበቃ በእጅ ገንዘብ የለኝም ብለው አይቅሩ። በተለመደው አሠራር ጠበቃው የሚከፈለው ካሸነፈ ብቻ ነው። ድርሻው ከውዝፉ 25 በመቶ ሲሆን ከ9,200 ዶላር አይበልጥም። አስቀድሞ የአገልግሎት ዋጋ ክፈሉ የሚል «ጉዳይ አስፈጻሚ» ካጋጠመዎት ይራቁት።

«ሐኪሜ መሥራት አይችልም ብሎ ከጻፈ አለቀ»

አላለቀም። መሥራት ይችላል፣ አይችልም የሚለውን የሚወስነው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ከሐኪሙ የሚፈለገው ዝርዝር ነው፦ ስንት ደቂቃ መቆም ይችላል? ስንት ፓውንድ ያነሳል? በወር ስንት ቀን ከአልጋ አይነሳም?

እኛን በጣም የሚጎዳን ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ማማረር ነውር ሆኖብን ነው። አስተርጓሚው ይተረጉማል፤ ሐኪሙም «በሽተኛው ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ከወራት በኋላ ያቺ መስመር ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ያመስግኑ፣ ግን ሕመሙንም ይናገሩ። ጭንቀትና ድብርትም ሕመም ነው፤ ሰው ይሰማብኛል ብለው የደበቁት ሕመም ፋይሉ ላይ የለም።

የዕለት ተዕለት ኑሮዎን የሚጠይቀው ፎርምም እንዲሁ ነው። «ምግብ ያበስላሉ?» ይላል፤ እናቶች «አዎ» ብለው ያልፋሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሊጥ ማቡካት ከተዉ ቆይተዋል። ሽንኩርቱን የምትከትፈው ልጃቸው ናት። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ወጡን ያማስላሉ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ይተኛሉ። መጻፍ ያለበት ይህ ነው። ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ።

«እንግሊዝኛ አለመቻሌ ይጠቅመኛል»

ድሮ በዕድሜ ለገፉ አመልካቾች ይረዳ ነበር። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ እንግሊዝኛ አለመቻል ለብቻው አይቆጠርም። ዕድሜ ግን አሁንም ይቆጠራል፤ ከ50 እና ከ55 ዓመት በኋላ ደንቡ ይላላል። አስተርጓሚ ሶሻል ሴኩሪቲ በነፃ ያቀርባል። ልጅዎን ለዚህ ሥራ አይውሰዱ። የእናቷን ሕመም በዝርዝር መተርጎም ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይከብዳታል።

«ግሪን ካርድ ካለኝ ኤስኤስአይ አገኛለሁ»

በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ሰው በአብዛኛው 40 የሥራ ክሬዲት ይጠየቃል፤ በትዳር ዘመን የትዳር ጓደኛ የሠራውም ሊቆጠርለት ይችላል። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገባ ሰው እስከ ሰባት ዓመት ያገኛል። ሰባቱ ዓመት ካለቀ ገንዘቡ ይቆማል፤ ዜግነት ካገኘ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ አምስተኛው ዓመት ላይ ስለ ዜግነት ማሰብ ያስፈልጋል። በሕመም ምክንያት ለዜግነት ፈተናው እንግሊዝኛና ታሪክ መማር የማይችል ሰው፣ ከፈተናው ነፃ እንዲሆን የሚጠየቅበት፣ ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የተባለ ፎርም አለለት።

«እቁቤ የግል ጉዳዬ ነው»

ለኤስኤስአይ ተቀባይ አይደለም። በወሩ የመጀመሪያ ቀን ሂሳብዎ ላይ ከ2,000 ዶላር በላይ ከተገኘ የዚያ ወር ክፍያ አይገባዎትም። እቁብ ወጥቶልዎት ባንክ ያስገቡት ገንዘብ የእርስዎ ነው ተብሎ ይቆጠራል። «ለአንድ ሳምንት በአንቺ ሂሳብ ላስቀምጥ» ለሚል ዘመድም እሺ አይበሉ።

አንድ ደስ የሚል ለውጥ አለ። ከሴፕቴምበር 30፣ 2024 ጀምሮ ቤተሰብ የሚያበላዎት ምግብ ከኤስኤስአይ ላይ አይቀነስም። ከልጅዎ ቤት ቢበሉ አይሳቀቁ። ኪራይ ቢከፈልልዎት ግን አሁንም ሊቀነስ ይችላል።

«አገር ቤት ብሄድ ማን ያውቃል?»

ኤስኤስአይ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆዩ ይቆማል። ከተመለሱም በኋላ 30 ተከታታይ ቀን እዚህ መቆየት አለብዎት። ለገና ሄዶ ጥምቀትን አክብሮ መመለስ ይቻላል፤ ፋሲካን ልጠብቅ ካሉ ግን ገንዘቡ ይቆማል። ጉዞውን አስቀድመው ያሳውቁ። ኤስኤስዲአይ ለዜጋ ኢትዮጵያም ሆኖ ይከፈለዋል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ስድስት ወር ውጭ ከቆየ ሊቋረጥበት ስለሚችል፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ።

«አንድ ቀን ከሠራሁ ይቋረጥብኛል»

የኤስኤስዲአይ ተቀባይ ዘጠኝ የሙከራ ወር አለው። በወር ከ1,160 ዶላር በላይ ያገኘበት ወር እንደ አንድ የሙከራ ወር ይያዛል፤ በእነዚህ ወራት ሙሉ ክፍያው አይነካም። ከዚያ በኋላ ለ36 ወራት፣ ገቢው ከ1,620 ዶላር በታች በሆነበት ወር ይከፈለዋል። የዓይነ ስውራን ጣሪያ 2,700 ነው። መሥራቱን መደበቅ እንጂ መሥራቱ አይደለም ችግር የሚያመጣው።

«አንዴ ከወጣ በቃ»

ሕመሙ ሊሻሻል ይችላል ከተባለ በየሦስት ዓመቱ ገደማ፣ አይሻሻልም ከተባለ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ፋይሉ እንደገና ይታያል። ስለዚህ ገንዘቡ ወጣ ብለው ሕክምና አያቋርጡ። አድራሻ ሲቀየር ወዲያው ያስታውቁ፤ ስንቱ ሰው የተቋረጠበት ደብዳቤው አሮጌ ቤቱ ደርሶ ነው። «ተሽሎዎታል» የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብለው ክፍያው ይቀጥልልኝ ካሉ ጉዳዩ እስኪታይ ማግኘት ይችላሉ። ከተሸነፉ ግን መልስ ሊባሉ ይችላሉ።

«ትርፍ ተከፍሎዎታል፣ ይመልሱ» የሚል ደብዳቤም አያስደንግጥዎት፤ መሳቢያ ውስጥም አይደብቁት። ሂሳቡ ተሳስቷል ብለው ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነና ለመክፈል አቅም ከሌለዎት ደግሞ ዕዳው እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል። ሁለቱንም በጽሑፍ ያድርጉ፤ ኮፒም ያስቀሩ።