የመሥሪያ ቤት ፓርኪንግ ሲከፈልበት፦ የሚወራውና እውነታው

ኖቲንግሃም እንግሊዝ መሃል ላይ ያለች ከተማ ናት። ከ2012 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ያለ ቀጣሪ ለሠራተኞቹ ለሚሰጠው መኪና ማቆሚያ ለከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ ይከፍላል። በብሪታንያ የጀመረችው እሷ ናት። ሌላ ከተማ «እኛም እንሞክረው» ባለ ቁጥር ያው ክርክር እንደ አዲስ ይነሳል። ሌስተር ዕቅዱን አውጥታ፣ ሕዝቡን አወያይታ፣ በ2022 ተወችው።

ከሁለቱም ወገን የሚወራው ግማሹ ስህተት ነው። በየተራ እንያቸው።

«ፓርኪንጉ እኮ እስከዛሬ በነፃ ነበር»

የሁሉም ስህተት እናት ይህች ናት።

በብሪታንያ የተለመደው የአንድ መኪና ማቆሚያ 2.4 ሜትር በ4.8 ሜትር ነው። ወደ 11.5 ካሬ ሜትር ይመጣል። መግቢያ መውጫውና መዞሪያው ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። ቢሮ ውስጥ በዚያ ስፋት የሦስት አራት ሰው ጠረጴዛ ይዘረጋል። ውጭ ደግሞ አስፋልት አለ፣ መብራት አለ፣ የውሃ መውረጃ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ የቦታው ግብር አለ። ይህን ሁሉ ቀጣሪው ይከፍላል። ከየት አምጥቶ? ደመወዝ ከሚከፍልበት ከዚያው ካዝና።

እኛ አገር ትልልቅ ድርጅቶች ሰርቪስ ያቀርባሉ። ሰርቪሱ በነፃ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ናፍጣው ይታያል፣ ሾፌሩ ይታያል፣ ጎማው ሲፈነዳ ሁሉም ወርዶ ይቆማል። አስፋልት ግን ዝም ብሎ ስለሚተኛ ወጪው አይታይም።

አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ እኩል ደመወዝ ያላቸው ሁለት ሠራተኞች አስቡ። አንዷ በአውቶቡስ ትመጣለች፤ የወር ቲኬቷን ግብር ከተቆረጠበት ደመወዟ ትገዛለች። ሌላው በመኪና ይመጣል። ቀጣሪው የሚሰጠው ቦታ ጥቅማጥቅም ነው፤ የብሪታንያ የግብር ሕግ ግን ቦታው ላይ ግብር አይጥልም። እሷ «ፓርኪንግ አልፈልግም፣ ገንዘቡን ስጡኝ» ብትል የሚሰማት የለም።

አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ሕግ ያደረጉት አሉ። ካሊፎርኒያ በ1992 ባወጣችው ሕግ፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውና ቦታ ተከራይቶ ለሠራተኛ በነፃ የሚሰጥ ቀጣሪ፣ ቦታውን ለማይፈልግ ሰው ገንዘቡን እንዲሰጠው ታዛለች። ዶናልድ ሹፕ የተባሉ ፕሮፌሰር ይህን የሞከሩ ስምንት ድርጅቶችን አጥንተው ነበር። ብቻውን እየነዳ የሚመጣው ሠራተኛ ከመቶ 76 የነበረው ወደ 63 ወርዷል። ማንም አልተከለከለም፣ ማንም አልተቀጣም። ገንዘቡን በእጃቸው ሲያዩት ሐሳባቸውን ለወጡ፤ በቃ።

«ሾፌሩን ሊያስከፍሉት ነው»

ይህ ብዙ ጊዜ ከለንደኑ ክፍያ ጋር ከመምታታት ይመጣል። ለንደን ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ወደ መሃል ከተማ የሚገባ መኪና ይከፍላል። ካሜራው ታርጋውን ያያል። የኖቲንግሃሙ ሌላ ነው። ፈቃድ የሚያወጣው ቀጣሪው ነው፣ ሂሳቡም የሚሄደው ለእሱ ነው።

ቀጣሪው ግን ወጪውን ወደ ሠራተኛው ማዞር ይችላል፤ ሕጉ አይከለክለውም። አንዳንዱ ሙሉውን ራሱ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ በሙሉ ያዞራል፣ አንዳንዱ እንደ ደመወዙ መጠን ያካፍላል። መጀመሪያ ዋጋው ለአንድ ቦታ በዓመት 288 ፓውንድ ነበር፤ በወር 24 ማለት ነው። በ2019 ደግሞ 415 ደረሰ። ስለዚህ ከደመወዝህ የሚቆረጥ ካለ፣ ያን የወሰነው አለቃህ ነው። ምክር ቤቱን ከመራገምህ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቅ።

«መስመሩን ብናጠፋውስ?» የሚል ብልጥም አይጠፋም። አይሠራም። የሚቆጠረው መሬት ላይ የተቀባው መስመር ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚቆሙት የሠራተኛ መኪኖች ብዛት ነው።

«ትናንሽ ነጋዴዎችን ይጨርሳል»

10 ወይም ከዚያ በታች የሠራተኛ ቦታ ያለው ምንም አይከፍልም። የደንበኛ ማቆሚያም አይቆጠርም። ባለ ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሬስቶራንቱ በአብዛኛው ከጨዋታው ውጭ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን እኔም የማልወደው ነገር አለ። 11ኛዋ ቦታ ስትጨመር የሚከፈለው ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ለ11ዱም ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ እናስላው፦ 10 ቦታ ዜሮ፣ 11 ቦታ 3,168 ፓውንድ። አንዲት መኪና ይህን ያህል! ደረጃ በደረጃ ከፍ ቢል ምን ነበረበት?

«ነርሶችና አካል ጉዳተኞችም ይከፍላሉ»

የአካል ጉዳተኛ መታወቂያ ያላቸው መኪኖች አይቆጠሩም። ለመንግሥት ሆስፒታል የሕክምና ሠራተኞችና ለአምቡላንስና እሳት አደጋ ዓይነት አገልግሎቶች ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ይህኛው ገና ሲጀመር የተዘጋ ጥያቄ ነው፤ ግን እስከዛሬ ይወራል።

«ገንዘቡ ካዝና ገብቶ ይቀልጣል»

ክፍያውን የፈቀደው የ2000 የትራንስፖርት ሕግ ገንዘቡ ለትራንስፖርት ብቻ እንዲውል ያስገድዳል። እና ኖቲንግሃም ምን ሠራችበት? ባቡር ጣቢያው ወርዳችሁ ቀና ብትሉ መልሱ ይታያችኋል። ትራሙ ከባቡሩ ሐዲድ በላይ በድልድይ ያልፋል፤ ፌርማታው ከጣቢያው አናት ላይ ነው። ዕቃ ይዞ፣ ልጅ አዝሎ፣ ዝናብ ላይ መሻገር ቀረ። ከ2004 ጀምሮ አንድ መስመር የነበረው ትራም በነሐሴ 2015 ሁለት ተጨማሪ መስመሮች አገኘ፤ አንዱ ወደ ክሊፍተን፣ አንዱ በቢስተን በኩል ወደ ቶተን። የቢስተኑ መስመር ትልቁ ሆስፒታል ግቢ አጠገብ ይቆማል። የባቡር ጣቢያው እድሳትም ከዚሁ ገንዘብ ተደጉሟል።

ሁሉን ነገር ይህ ክፍያ ብቻ ሠራው ማለት ግን ማጋነን ነው። ለትራሙ ማዕከላዊው መንግሥትም ብዙ ከፍሏል። ከተማዋ የራሷ ቋሚ ገቢ ስላላት ድርሻዋን ይዛ መቅረብ ቻለች፤ የክፍያው ትልቁ ጥቅም እሱ ነው።

«ድርጅቶች ከተማውን ጥለው ይወጣሉ»

ከመጀመሩ በፊት ነጋዴዎቹ አጥብቀው ተቃውመው ነበር። የተፈራው ስደት ግን አልመጣም። ይልቅ ብዙዎቹ ግቢያቸውን ዞር ብለው አዩና «ይህ ሁሉ ቦታ ምን ያደርግልናል?» አሉ። ገና ክፍያው ሳይጀምር የቦታውን ቁጥር ቀነሱ። ዋጋ የሌለው ነገር አይቆጠርም፤ ዋጋ ሲወጣለት ግን ቆጣሪው ይበዛል።

«መጨናነቁ ድራሹ ጠፋ»

ይህች ደግሞ የደጋፊዎቹ ናት። አልጠፋም። ክፍያው የዓመት ስለሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት በግርግሩ የገባውንና ቀትር ላይ የገባውን አይለይም። ትራሙና ክፍያው ደግሞ ጎን ለጎን ስለሄዱ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ቀላል አይደለም። ደግሞ አንዳንዱ ሠራተኛ መኪናውን ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ አውጥቶ የሰው ደጅ ላይ ያቆማል። ለዚህ ነው ለሰፈሩ ነዋሪዎች ብቻ የሚፈቀዱ ማቆሚያዎች አብረው የሚያስፈልጉት።

«የሚጎዳው ድሃው ነው»

ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እንየው። በብሪታንያ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ መኪና የመያዝ ዕድሉ ከሁሉም ያነሰ ነው። ብዙ ድሃ ሠራተኛ የሚጠቀመው ከአውቶቡሱና ከትራሙ ነው። ይህን የሚዘነጉ ተቃዋሚዎች ተሳስተዋል።

ግን መኪና ያለው ደሃ አለ፤ የገዛውም ወዶ አይደለም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ የሚያጸዳ፣ መጋዘን ውስጥ የማታ ሽፍት የሚገባ ሰው የመጀመሪያውን አውቶቡስ መጠበቅ አይችልም። አውሮፓ ውስጥ ሽፍት ለሚሠራ አበሻ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንቅልፉን እየታገለ የመኪናውን መስታወት በረዶ ሲፍቅ ያውቀዋል። የኖቲንግሃም ክፍያ ደግሞ ሃያ አራት ሰዓት ነው፣ ሌሊትና ቀን አይለይም። ሥራ አስኪያጁ የሚይዘው ቦታና የጽዳት ሠራተኛው የሚይዘው ቦታ ዋጋቸው እኩል ነው።

ይህን ማስተካከል የሚችለው ቀጣሪው ነው። እንደ ደመወዝ መጠን ማካፈል ይቻላል፤ አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት የሚገቡትን አለማስከፈልም ይቻላል። እናንተም ጋ ይህ ክፍያ ከመጣ፣ ሂሳቡ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የማታ ሽፍት ሠራተኛ መኖሩን እዩ። ስብሰባው ብዙ ጊዜ የሚጠራው ቀን ነው፤ እሱ በተኛበት ሰዓት።