ምርኮኛን ገርፎ እውነት ማውጣት፦ ቡና ላይ የሰማኋቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሁድ ደሴ፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። አድሩሱ ይጨሳል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። አንድ የጎረቤት ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ምርኮኛ መሬት ላይ ተቀምጧል። እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። ከካሜራው ጀርባ ያለ ሰው ያፋጥጠዋል። የየትኛው ወገን እንደሆነ አልናገርም፤ ለነገሬ ለውጥ አያመጣም።

"ትንሽ ቶርች ቢያደርጉት ሁሉንም ይዘከዝከው ነበር" አለ ልጁ። ክርክሩ ከዚያ ተነስቶ እስከ በረካ ዘለቀ። የተባሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"ሰው ሲገረፍ እውነቱን ያወጣል"

ሲገረፍ የሚያወጣው ግርፋቱን የሚያስቆምለትን ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ገራፊው ግን በዚያ ሰዓት የሚለይበት መንገድ የለውም።

አጎቴ ጥግ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ። ወፌ ላላ ተገርፈዋል። እጅና እግር አንድ ላይ ታስሮ፣ በእንጨት ተንጠልጥሎ፣ ውስጥ እግር ይገረፋል። ዛሬም ካልሲ ሲያወልቁ የግራ ተረከዛቸው ቆዳ እንደተጨማደደ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፦ "ከማን ጋር ነው የምትሠራው?" እሳቸው ከማንም ጋር አይሠሩም። መጀመሪያ የሞተ ሰው ስም ሰጡ። አጣርተው ተመለሱና ባሰባቸው። በማግስቱ የአንድ ፀጉር አስተካካይ ስም ጠሩ።

"ለምን እሱን?" አልኳቸው አንዴ።

"ስሙ አጭር ነበር፤ አፌ ላይ መጣ" አሉኝ።

ሰውየው ተወሰደ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። አጎቴ እስከ ዛሬ ፀጉራቸውን የሚቆረጡት ቤት ውስጥ ነው።

የማይረባ ስም ሰጥቶ ማታለል የአጎቴ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ጆን ማኬይን፣ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሃኖይ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከ። የጓዶችህን ስም ተናገር ተብሎ ሲሰቃይ የግሪን ቤይ ፓከርስን ተጫዋቾች ስም ደረደረላቸው። የስፖርት ቡድን ነው። ጠያቂዎቹም ጻፉት።

የፀጉር አስተካካዩ ዓይነት መልስ ደግሞ አገር ያፈርሳል። ኢብን አል-ሸይኽ አል-ሊቢ የሚባል እስረኛ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ተያዘ፤ ከዚያ ወደ ግብፅ ተላልፎ ተሰጠ። እዚያ ሲያሰቃዩት ኢራቅ አልቃይዳን በኬሚካል መሣሪያ አሠልጥናለች አለ። ጠያቂዎቹ መስማት የፈለጉት ይህንኑ ነበር። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የካቲት 2003 እ.ኤ.አ. ወሬውን ይዘው የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀረቡ። በሚቀጥለው ወር የኢራቅ ጦርነት ተጀመረ። በኋላ ሰውየው "ውሸቴን ነበር" ብሎ ካደ። ተመልከቱ፦ መልሱ የተሠራው ከጥያቄው ነው።

ሌላም አለ። ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ማስታወስን ያበላሻሉ። እውነቱን ለመናገር የቆረጠ ሰው እንኳ ቀንና ቦታ ይዘባርቃል።

"ግን አንዳንዴ እውነት ይወጣል አይደል?" አለኝ ልጁ። አዎ፣ ይወጣል። አልዋሽም። ግን ማሰቃየት የተከለከለው ስለማይሠራ ብቻ አይደለም። ቢሠራም ክልክል ነው። የታሰረ ሰው መዋጋት አቁሟል፤ መከላከልም መሸሽም አይችልም። ይሠራል አይሠራም የሚለውን ያስቀደምኩት የልጁ ክርክር እሱ ስለነበር ነው።

"ቦምቡ ሊፈነዳ አንድ ሰዓት ቢቀረውስ?"

ይህቺን ጥያቄ የማያውቅ የለም። ብዙ ነገር በአንዴ እርግጠኛ እንድንሆን ትጠይቀናለች። ቦምቡ አለ። የያዝነው ሰው ያውቃል። ስንመታው እውነቱን ይናገራል፤ በሰዓቱም ይናገራል። እውነተኛ ምርኮኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ ወታደር ነው። የሚያውቀው የራሱን ምሽግና የአለቃውን ስም ነው። ያንንም ቢሆን መማረኩ እንደታወቀ ጓዶቹ ይለውጡታል። ደግሞ አንድ ሰዓት መታገስ ብቻ የቀረው ሰው የውሸት አድራሻ ቢሰጥስ? ሰዓቱ የሚጠብበት እኮ ጠያቂው ነው።

"ያለ ዱላ ወሬ አይገኝም"

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሃንስ ሻርፍ የሚባል የጀርመን አየር ኃይል መርማሪ ነበር። ሥራው የተማረኩ አሜሪካውያን አብራሪዎችን መጠየቅ ነው። አንዱንም በጥፊ አልመታም። ጫካ ውስጥ ይዟቸው ይንሸራሸር ነበር። ሁሉን እንደሚያውቅ ሆኖ ያወራል፤ እነሱም ሲያርሙት ወይም ሲያረጋግጡለት የጎደለውን ይሞላል። ብዙዎቹ ምን እንደነገሩት እንኳ አልታወቃቸውም። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ራሳቸው ጋብዘው ዘዴውን አስረዱን አሉት። (በስተኋላ ሞዛይክ ሠሪ ሆኖ ነው የኖረው።)

እኛስ? አውጫጭኝን የወሎ ሰው ያውቃል። ሌባ ሲጠፋ አገሬው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። "ወፍ ነገረኝ" እየተባለ፣ ተናጋሪው ሳይታወቅ፣ ወሬው ቀስ እያለ ይወጣል። ጫና የለበትም አልልም፤ ሰው ሥራውን ፈትቶ ይውላል። ግን ማንም አይገረፍም። በአንጻሩ ሌባ ሻይ ነበር፦ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተወላገደ ይሄድና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እንደ አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ማለት ነው። እሱም በጊዜው ተከልክሎ ቀርቷል።

"የጄኔቫ ሕግ ለአገርና ለአገር ጦርነት ነው፤ ለእርስ በርስ አይሠራም"

ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አብዛኛው ክፍል በአገሮች መካከል ለሚደረግ ጦርነት ነው። ነገር ግን አራቱም ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 የተጻፈው በአንድ አገር ውስጥ ለሚደረግ ውጊያ ነው። መሣሪያ ያስቀመጠን ወይም የተያዘን ሰው ማሰቃየትን በየትኛውም ጊዜና ቦታ ይከለክላል፤ መንግሥትንም ታጣቂንም ያስራል። ኢትዮጵያ ስምምነቶቹን እ.ኤ.አ. በ1969 አጽድቃለች።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 93 ደግሞ አስቸኳይ ጊዜ ቢታወጅ እንኳ ይህ መብት አይነካም ይላል። "ጊዜው ከባድ ነው" የሚለው ክርክር ቀድሞ መልስ ተሰጥቶታል።

"ታዝዤ ነው" የሚለውም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበልነው የፀረ ማሰቃየት ስምምነት አንቀጽ 2 በግልጽ ዘግቶታል።

"እነሱም የኛን ያሰቃያሉ"

ይህን ያሉት የልጁ አባት ናቸው። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ሕጉ ምርኮኛ ላይ ብቀላን ለብቻው ጠቅሶ ይከለክላል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ካበቃ በኋላ የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለቱንም መንግሥታት በምርኮኛ አያያዝ ተጠያቂ አድርጓል። ጫማ አስወልቆ ረጅም መንገድ ማስኬድ ሳይቀር ጥፋት ተብሎ ተቆጥሯል። "እነሱ ጀመሩ" ማንንም አላዳነም።

አክስቴ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባች። "ቁርኣን ምርኮኛን ከድሃና ከየቲም እኩል አብሉት ይላል" አለች። እውነቷን ነው፤ ምዕራፍ 76፣ ቁጥር 8።

እኔ የማነሳው የወሎዋን ገዥ፣ የወይዘሮ ወርቂትን ታሪክ ነው። ልጃቸው መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከዚያው ከመቅደላ አምልጦ እሳቸው እጅ ገባ። ምኒልክን መልሰው ልጃቸውን ሊያስለቅቁበት ይችሉ ነበር። ቴዎድሮስ ግን በንዴት ልጁንና ሌሎች የወሎ እስረኞችን ገደሉ። ወርቂትም ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኙት። በእጅ ያለ ምርኮኛ የራስን ሰው ማስመለሻ ነው።

"ቪዲዮ መቅረጽ ምን አለበት? አልመቱትም እኮ"

የሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 13 ምርኮኛን ከስድብና ለሕዝብ መታያ ከመሆን ይጠብቀዋል። ያንን ቪዲዮ እናቱ ታየዋለች።

መጠየቅ ራሱ ክልክል አይደለም፤ የፈለጉትን መጠየቅ ይቻላል። ምርኮኛው የመመለስ ግዴታ ያለበት ግን አራት ነገር ብቻ ነው፦ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የተወለደበትን ቀንና መለያ ቁጥሩን። ቀይ መስቀል ተማራኪን መዝግቦ ለቤተሰቡ የሚያሳውቀው በእነዚሁ ነው።

በረካው ሲቀዳ አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። "ስሙን ጠየቁት?" አሉ።

ልጁ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተው። ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው። እስከ መጨረሻው አየነው። አልጠየቁትም።