ጀልባው መሃል ቦይ ላይ ሲቆም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኬ ይጮኻል። «ሞተሩ ቀጥ አለብን! ልንሰምጥ ነው እንዴ?» ከጀርባ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። እንዲህ ያለ ስልክ ደጋግሞ ደርሶኛል። እንግሊዝ አገር ናሮውቦት ላይ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ወዳጅ ዘመድ ጀልባ ተከራይቶ ሲቸገር ቀድሞ የሚደውለው ለእኔ ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ናሮውቦት ወርዱ ሁለት ሜትር ከትንሽ፣ ርዝመቱ እስከ 21 ሜትር የሚደርስ የብረት ጀልባ ነው። የሚሄደው ካናል በሚባሉት ሰው ሠራሽ የውሃ ቦዮች ላይ ነው። ብዙዎቹ ቦዮች ከ200 ዓመት በፊት የተቆፈሩ ናቸው። ጀልባው ውስጥ አልጋ፣ ማድቤትና መጸዳጃ አለ። ለሽርሽር ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 4 ማይል ነው፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ማለት ነው።

የሚደውሉልኝ ሰዎች መኪና ሲበላሽ የሚያደርጉትን ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ያልሆነ በር ያንኳኳሉ። ደጋግሜ የሰማሁትን ላንሳ።

«ሞተሩ ከጠፋ መስመጣችን ነው»

ሞተሩ መጥፋቱና ጀልባው መንሳፈፉ አይገናኙም። ሞተሩ የጠፋ ጀልባ እንደ በፊቱ ይንሳፈፋል። ካናል ደግሞ ጥልቅ አይደለም። ብዙ ቦታ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። አዋቂ ሰው ቢወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

ከሞተሩ ጋር የሚጠፋው መሪው ነው። መሪው የሚሠራው ፕሮፔለሩ ወደ እሱ በሚገፋው ውሃ ነው። ፕሮፔለሩ ሲቆም መሪው አይታዘዝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጀልባው ገና እየተንሸራተተ ሳለ ወደ እግረኛ መንገዱ ዳር አስጠጉት። አንድ ሰው ገመድ ይዞ ይውረድ። ይውረድ እንጂ አይዝለል። ካስማውን በመዶሻ መሬት ውስጥ ምቱና ከፊትም ከኋላም እሰሩ። ጀልባው ከግንብ ጋር ሊጋጭ ሲል በእጅ ወይም በእግር ለማስቆም በፍጹም አትሞክሩ። 15 ቶንና ከዚያ በላይ የሚመዝን ብረት ነው፤ አጥንት ያደቅቃል። ይላተም፣ ምንም አይሆንም።

ሁለት ቦታ ግን ነገሩ ይለያል። አንደኛው ወንዝ ነው። አንዳንድ የውሃ መስመሮች ግማሹ ካናል፣ ግማሹ ወንዝ ናቸው። ኬኔት ኤንድ አቮን እንዲህ ነው። ባዝ ከተማ ሲደርስ ከአቮን ወንዝ ጋር ይገናኛል። (ጃንሆይ በ1936 እ.ኤ.አ. ተሰደው እስከ 1940 የኖሩባት ባዝ ናት። ቤታቸው ፌርፊልድ ሃውስ ዛሬም አለ። በዚያ በኩል ካለፋችሁ ጀልባውን አስራችሁ ሂዱና እዩት።) ወንዝ ይወስዳል። ሞተር የሌለውን ጀልባ ወደ ግድቡ ፏፏቴ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ወንዝ ከመግባታችሁ በፊት መልህቁ ከጀልባው ጋር ታስሮ፣ ለመጣል ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ሎክ ውስጥ ነው። ሎክ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው የውሃ ክፍል ነው። ከላይኛው በር ሥር፣ ውሃው ውስጥ የተደበቀ ደፍ አለ። ወደ ታች ስትወርዱ የጀልባው ኋላ ደፉ ላይ ከተሰቀለ፣ ፊቱ እየሰመጠ ይሄዳል። ካናል ላይ ጀልባ የሚሰምጥበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው። ከሆነ፣ ወዲያውኑ የታችኛውን በር ውሃ መልቀቂያ ዝጉ። ከዚያ ከላይ ቀስ አድርጋችሁ ውሃ መልሱበት።

«ሞተር ቆመ ማለት መካኒክ ያስፈልጋል ማለት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚደክምበት ይህ ነውና።

ጀልባው ኃይሉ ከቀነሰ፣ ጥቁር ጭስ ካበዛ፣ መሪው እጃችሁ ውስጥ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ማርሽ ስታስገቡ ሞተሩ ከታነቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ፕሮፔለሩ ላይ የሆነ ነገር ተጠምጥሟል። የከተማ ካናል ውስጥ ያልተጣለ ነገር የለም። ፌስታል፣ ገመድ፣ ሽቦ፣ ልብስ፣ ምንጣፍ። እኔ አንዴ ሙሉ የመስኮት መጋረጃ አውጥቻለሁ፤ ቀለበቶቹ ሳይቀሩ ነበሩበት። መጀመሪያ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ማርሽ ሞክሩ። አንዳንዴ ተፈትቶ ይወድቃል።

ካልተፈታ፣ አብዛኛው ናሮውቦት ከኋላ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ፣ የሚከፈት ክዳን አለው። በእሱ በኩል እጅ አስገብቶ ማጽዳት ይቻላል። ጀልባ ስትከራዩ መጀመሪያ ቀን ያሳዩአችኋል። በደንብ እዩ፣ ቪዲዮ ቅረጹ።

ከመክፈታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን ንቀሉ። ቁልፉ እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ልጅ መጥቶ ሊያስነሳው ይችላል፤ ፕሮፔለር ጣት አይለይም። ጓንት አድርጉ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኑት። የቦይ ውሃ ውስጥ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ። ከጨረሳችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ። ለጨርቅና ለገመድ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ይሠራል። ለሽቦ ፒንሳና የብረት መጋዝ ያዙ። ያወጣችሁትን መልሳችሁ ውሃ ውስጥ አትጣሉት፤ የሚቀጥለው ሰው ላይ ይጠመጠማል።

ክዳኑን ስትመልሱ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ይህን አደራ እላለሁ። ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ፕሮፔለሩ ከዞረ ውሃ ወደ ሞተሩ ክፍል ይረጫል። እንዲህ ሆነው የሰመጡ ጀልባዎች አሉ። ሞተሩን አስነሱ፣ ማርሽ አስገቡ፣ አንድ ሰው ክዳኑን ይመልከት። ጠብታ ከሌለ ጉዞ ቀጥሉ።

ፕሮፔለሩ ንጹሕ ከሆነ ሌላውን ተመልከቱ። ናፍጣ አለ ወይ? ብዙ ጀልባ የናፍጣ መለኪያ የለውም፤ በእንጨት ነው የሚለካው። ሞተሩ ከሞቀ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል። ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ባትሪው ነው። ልብ በሉ፤ የቤቱን መብራት የሚያበራውና ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪ ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። መብራት ስላለ ሞተር ማስነሻው ደህና ነው ማለት አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ጀልባው ካልሄደ ደግሞ ማርሹን የሚስበው ካቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ናፍጣው ውስጥ ውሃ ሲገባ የሚራባ ተህዋሲም አለ። ፊልትሩን በጥቁር ዝቃጭ ይደፍነዋል። ብዙ የቆመ ጀልባ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ከዚህ ያለፈው የመካኒክ ሥራ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም አልተበላሸም፤ ጀልባው ደለል ላይ ተቀምጧል። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ጥልቁ በኩል ይሰብሰቡ፣ በረዥሙ እንጨት ግፉ፣ በመጣችሁበት ወደ ኋላ ውጡ።

«የመኪናዬ የመንገድ ላይ እርዳታ ይመጣልኛል»

አይመጣም። የመኪና ውል ጀልባን አይጨምርም።

ጀልባው የኪራይ ከሆነ የመጀመሪያው ስልክ ለአከራዩ ነው። ቁጥሩን ካቢን ውስጥ ፈልጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጥገናው የእነሱ ኃላፊነት ነው። ሞተሩን በራሳችሁ አትፍቱ።

ጀልባው የራሳችሁ ከሆነ፣ ለጀልባ ብቻ የቆሙ ድርጅቶች አሉ። በጣም የሚታወቀው በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሪቨር ካናል ሬስኪው ነው። ዓመታዊ አባልነት ይሸጣል። ደረጃዎቹ ሪቴይነር፣ ብሮንዝ፣ ሲልቨርና ጎልድ ይባላሉ። በደረጃው መጠን የምታገኙት አገልግሎት ይለያያል፤ ስለዚህ ምን እንደሚሸፈን ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። መለዋወጫ ለብቻው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ በየአካባቢው የሚዞሩ የጀልባ መካኒኮች አሉ። ስማቸውን ከጎረቤት ጀልባ ጠይቁ። እኔ ጥሩ መካኒኬን ያገኘሁት ከሰል ከሚሸጥልኝ ጀልባ ነው።

ኢንሹራንስ ሌላ ነገር ነው። ለጀልባው ፈቃድ ለማግኘት የሚጠየቀው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሌላው ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው። በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ካምቢዮ አይገዛላችሁም።

«ካናሉ ባለቤት አለው፤ እሱ ይጎትተን»

ባለቤትስ አለው። በእንግሊዝና በዌልስ 2,000 ማይል ገደማ የውሃ መስመር የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራውን ከመንግሥት ተቋም የተረከበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ስኮቲሽ ካናልስ አለ። የቴምስ ወንዝ ማዕበል የማይደርስበት ክፍል ደግሞ በኢንቫይሮንመንት ኤጀንሲ ሥር ነው።

እነዚህ ግን ሞተር አይጠግኑም። የትረስቱ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 0800 47 999 47 ነው። የሚደወለው የቦዩ ግድግዳ ውሃ ሲያፈስ፣ የሎክ በር ሲሰበር፣ ጀልባ ሲሰምጥ፣ ውሃው በድንገት ሲጎድል ነው። ጀልባችሁ የተበላሸው የሎክ መግቢያ ወይም ድልድይ ሥር ሆኖ መንገድ ከዘጋም ንገሯቸው።

«ፖስት ኮድ ከሰጠሁ ያገኙኛል»

ፖስት ኮድ፣ ማለትም የፖስታ አድራሻ መለያው፣ የቤት ነው። ቦዩ ዳር ለቆመ ሰው በአቅራቢያው ያለው ፖስት ኮድ ከሜዳው ማዶ ያለ እርሻ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ በመኪና መጥቶ፣ የዕቃ ቦርሳውን ተሸክሞ፣ በቦዩ ዳር በእግሩ ነው የሚደርሰው። እሱን የሚጠቅመው የድልድይ ቁጥር ነው። ድልድዮቹ ላይ ቁጥር ተለጥፏል። «ግራንድ ዩኒየን ካናል፣ በዚህና በዚህ ድልድይ መካከል» ስትሉ ሥራው አለቀ። እየሄዳችሁ ያለፋችሁትን የመጨረሻ ቁጥር የመያዝ ልማድ ይኑራችሁ። ካላያችሁ አንድ ሰው ወደ ቅርቡ ድልድይ ይሂድና ያንብብ። መኪና የሚደርስበት ድልድይ የትኛው እንደሆነም አብራችሁ ተናገሩ።

«የሚያልፍ ጀልባ ይጎትተናል»

የጀልባ ሰው ደግ ነው። ይህን በሙሉ አፌ እመሰክራለሁ። ሲያያችሁ ይቆማል፣ ዕቃ ያውሳል፣ ሻይ ያፈላል። መጎተት ግን ቀላል ነገር አይደለም። የሚጎተተው ጀልባ ፍሬን የለውም። ፊተኛው ሲያዘገይ ኋለኛው መጥቶ ይገጨዋል። ጎን ለጎን አስሮ መሄድ ይሻላል፤ ያ ግን ሰፊ ቦይ ይፈልጋል። ጠባቡ ሎክ አንድ ጀልባ ብቻ ነው የሚያስገባው። የኪራይ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ውሉ መጎተትን ይከለክል ይሆናል፤ ጠይቁ።

ለአጭር ርቀት የራሳችሁ እግር ይበቃል። ቦዮቹ ሲሠሩ ሞተር አልነበረም። ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ ነበር፤ የዳሩ መንገድም የተሠራው ለፈረሱ ነው። ነፋስ ከሌለ ሁለት አዋቂ ሰዎች ረዥም ገመድ ይዘው በዝግታ መጎተት ይችላሉ። አንድ ሰው ጀልባው ላይ ሆኖ በእንጨት ከዳር ያርቀዋል። ገመዱን ወገባችሁ ወይም እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ።

«999 ለጀልባ አይሠራም»

ይሠራል። ሰው ውሃ ውስጥ ወድቆ ካልወጣ፣ እሳት ከተነሳ፣ ሰው ከተጎዳ ወደ እንግሊዝ የድንገተኛ አደጋ ቁጥር 999 ደውሉ። የድልድዩን ቁጥር ንገሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጥልቀት የለውም ብላችሁ አትዘናጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። መካኒክ ስትጠብቁ ሌሊቱ ይበርዳል። ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል በማንደጃ ወይም ባርቤኪው ካቢን ውስጥ አታስገቡ። አገራችን የከሰል ጭስ ስንት ቤት አፍርሷል! ናሮውቦት በብረት የተዘጋ ጠባብ ክፍል ነው። ጭስ ማውጫ ያለውን ምድጃ ብቻ ተጠቀሙ። የአየር ማስገቢያዎቹን አትድፈኑ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ቁልፉን ተጭናችሁ ፈትሹ።

«ከ14 ቀን በላይ ከቆምን ጀልባውን ይወስዱብናል»

ይህ ቋሚ ማቆሚያ ሳይኖራቸው እየተዘዋወሩ የሚኖሩትን የሚያስጨንቅ ነው። ደንቡ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አትቆዩ ይላል። አንዳንድ ቦታ ምልክቱ ከዚያም ያነሰ ቀን ይሰጣል። ነገር ግን የ1995ቱ የብሪቲሽ ዋተርዌይስ ሕግ «እንደ ሁኔታው ምክንያታዊ የሆነ ረዘም ያለ ጊዜ» የሚል ቃል አለው። የተበላሸ ሞተር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቀኑ ሳያልፍ ለትረስቱ የፈቃድ ክፍል ጻፉ። የት እንደቆማችሁ፣ ምን እንደተበላሸ፣ መካኒኩ መቼ እንደሚመጣ ግለጹ። የተሰበረውን ዕቃ ፎቶ፣ የታዘዘውን መለዋወጫ ደረሰኝና የመካኒኩን መልእክት አያይዙ። የሚሰጧችሁን መልስ በጽሑፍ ያዙ። ዕቃው ከዘገየ እንደገና ጻፉ።