«ፊክስድ ሌይአውት» ምንድን ነው? ጅቡስ ከታሪኩ ለምን ተለየ?

ማታ ነው። ልጄ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ተረቷን ትጠብቃለች። ታብሌቱን ከፈትኩና «በሩን ማን አንኳኳ?» ብዬ ድምፄን ወፈር አድርጌ አነበብኩላት። እዚያው ከሥሩ «ጅቡ ነው!» ይላል። ጅቡ ራሱ ግን የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳገላብጥ መጣ፣ ጭራው ተቆርጦ፣ ከሥሩ ደግሞ ስለ ጥንቸል የሚያወራ ጽሑፍ ተለጥፎበት። «አባዬ፣ ጥንቸል እንደዚህ ነው እንዴ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ታብሌቱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አይደለም። መጽሐፉ ሲሠራ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ኢ-ቡክ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጽሑፉ እንደ ውሃ የሚፈስ ነው፤ የገባበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል፣ ስልክ ላይ ይጠብባል፣ ታብሌት ላይ ይሰፋል፣ ፊደሉን ስታሳድጉት ደግሞ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። እዚህ ውስጥ የተወሰነ ገጽ የሚባል ነገር የለም። ለረጅም ልብ ወለድ ግሩም ነው። ሌላው ፊክስድ ሌይአውት ነው፤ ሥዕሉም ጽሑፉም ሠሪው ካስቀመጠበት ቦታ ንቅንቅ አይሉም። ስክሪኑ ሲያንስ ገጹ እንዳለ ያንሳል እንጂ አይበታተንም።

ኢፐብ የሚባለውን የኢ-ቡክ ፋይል ዓይነት ብትፈቱት ውስጡ ዚፕ ተደርጎ የታሸገ ትንሽ ድረ ገጽ ነው፤ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) አለ፣ ሥዕሎች አሉ። በፊክስድ ሌይአውት ግን እያንዳንዱ ገጽ ስፋቱና ቁመቱ በቁጥር ይጻፍለታል፣ መጽሐፉም «ፕሪ-ፔጂኔትድ» ነው፣ ማለትም ገጹ አስቀድሞ ተከፋፍሏል፣ ተብሎ ይመዘገባል። ይሄ ከሌለ የማንበቢያው አፕ እንደፈለገው ይቆርጠዋል።

ለልጆች መጽሐፍ ይሄ ለምን ይከብዳል? ገጹ ራሱ የታሪኩ አካል ስለሆነ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ ነው (የማተሚያው ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ በዚህ ልክ ስለሚመች)፣ ደራሲው ደግሞ ጥያቄውን በቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ ጥሎ መልሱን ከጀርባው ይደብቃል። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ትገልጣለች። ጥያቄና መልስ አንድ ስክሪን ላይ ሲወርዱ ግን የሚገለጥ ነገር የለም! ሁለት ገጽ ላይ የተንጣለለ ሥዕል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ካገላበጡ በኋላ ነው የምታዩት።

ኪንድል የተባለው የአማዞን ኢ-ቡክ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ፣ ከጥግ እስከ ጥግም 6 ኢንች ነበር፤ የታሰበውም ለጽሑፍ ነው። አይፓድ በ2010 መጣ፣ አፕልም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፊክስድ ሌይአውት ፈቀደ። ኪንድል በ2011 ተከተለ። የኢፐብ የፊክስድ ሌይአውት ደንብ በ2012 ወጣ። ታዲያ ዛሬም ለምን ይበላሻል? ስንፍና ነው ባይ ነኝ። ለኅትመት የተሠራውን ፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም ውስጥ ከትቶ የወጣውን ሳያዩ መሸጥ ርካሽ ነው።

ፊክስድ ሌይአውት ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። ስልክ ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። አንዳንዱ ሠሪ ደግሞ ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር አንድ ምስል አድርጎ ያትመዋል፤ ያን ጊዜ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ምንም አያገኝበትም። አማርኛ ላይ ይሄ ዘዴ የተለመደ ነው፤ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ካልገባ አንዳንድ መሣሪያ ላይ ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ስለሚመጣ ይፈራሉ። ግን የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ መለያ) ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ስንት ዓመቱ ነው! ምስሉ ሲጨመቅ ደግሞ ይደበዝዛል፣ «ቢ»ና «ቤ»ን የሚለየው እግሩ ላይ ያለው ቀለበት ይጠፋል፣ ፊደል ገና እየለየ ያለ ልጅ ደግሞ የሚያየው እሱን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ናሙናውን አውርዱ። ፊደሉን ለማሳደግ ሞክሩ። ጽሑፉ ከሥዕሉ እየሸሸ ከወረደ የሚፈሰው ዓይነት ነውና ተዉት። የሚገርመው፣ ተራ ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ገጹን አይነካውምና። ስቶሪዊቨር የተባለው የሕንድ ድረ ገጽና የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክ በነፃ የሚወርዱ የአማርኛ ተረቶች አሏቸው፤ ከአገር ውጭ ሆኖ የአማርኛ መጽሐፍ ለቸገረው ወላጅ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ታብሌቱን አጋድሜ በፒዲኤፍ ነው የማነብላት።

የዚያን መጽሐፍ ገንዘብ ሻጩ መልሶልኛል። ልጄ ግን ጅብ ባየች ቁጥር እስካሁን «ጥንቸሉ መጣ» ነው የምትለው።